እህቴ የምታሳጥፋቸው አንሶላዎች

እህቴ ከሞተች ወዲህ ስለ እሷ የሚወራው ሁሉ ትክክል አይደለም። እጇን ሳታስነካ ታዋልድ ነበር ይላሉ፤ ታስነካ ነበር። በሥራ ዘመኗ አንዲት እናት እንኳ ወደ ሆስፒታል ልካ አታውቅም ይላሉ፤ ልካለች፣ ከተላኩትም አንዷ የኔው ልጅ ናት። እሷ አዋላጅ ነርስ በነበረችበት ጤና ጣቢያ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩትም ይህንኑ ስለሆነ፣ የተሳሳተ ነገር ሲደጋገም እየሰማሁ ዝም ማለት አይሆንልኝም። የሆነውን እንደሆነው እጽፋለሁ።

ስንት ልጅ እንዳዋለደች ግን አልጽፍም። ቁጥሩን አውቀዋለሁ። ጡረታ ልትወጣ ስትል ባልደረቦቿ በሰሌዳ ላይ አስቀርጸን እንስጥሽ ቢሏት፣ "የወለዱት እነሱ፣ ሰሌዳው ለኔ?" ብላ ከልክላቸዋለች።

በጤና ጣቢያው "ቆዪ" ነበር የምትባለው። ምጥ የያዛት ሴት መቼ ነው የምገፋው ስትላት "ቆዪ"፣ ተማሪ አዋላጅ ጓንቷን አጥልቃ ስትንደረደር "ቆዪ"። ማዋለጃው ክፍል ውስጥ አልጋ፣ ወለል ላይ የተዘረጋ ፍራሽ፣ ግድግዳው ላይ መደገፊያ ብረትና አንድ በርጩማ አለ። በርጩማው የእሷ ነበር። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ትቀመጥና ታያለች። አልፎ አልፎ ትነሳና የእንጨት ማዳመጫዋን በወላዷ ሆድ ላይ አድርጋ የልጁን ልብ ታዳምጣለች፤ ወገቧን ታሻታለች፤ ውሃ ትሰጣታለች፤ ተመልሳ ትቀመጣለች። ከሩቅ ለሚያያት ሥራ የፈታች ትመስላለች። አንድ ኃላፊ እንዲያውም በዚሁ ጉዳይ ማስጠንቀቂያ ጽፎላት ነበር። በኋላ የገዛ ሚስቱን ይዞላት መጣ።

አስቸጋሪዎቹ ወላዶቹ ሳይሆኑ ዘመዶቹ ነበሩ። ከማዋለጃው በር ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ የሚቀመጥ ዘመድ በየደቂቃው በር ያንኳኳል፣ "ምነው ዘገየ?" ይላል፣ ከጎረቤት የሰማውን ክፉ ወሬ ጮክ ብሎ ያወራል። እህቴ "የዘመድ ጭንቀት ጫማ ውስጥ የገባ ጠጠር ነው፤ የምትሄደው እሷ፣ የሚቆረቁራትም እሷን" ትል ነበር። ስለዚህ የተዘበራረቁ ንጹሕ አንሶላዎች አቅፋ ትወጣና "እናንተዬ፣ ሰው አጥተናል፤ በሞቴ ይቺን አጥፉልኝ" ትላቸዋለች። ያጥፋሉ። ታጥፈው ሲያልቁ አመስግና ትወስዳቸውና፣ ጓዳ ገብታ አንድ በአንድ አራግፋ ትዘበራርቃቸዋለች። ከዚያ መልሳ ታመጣለች። አንሶላዎቹ አልጋ አይተው አያውቁም። አዲስ የተቀጠረች የጽዳት ሠራተኛ አንድ ቀን አልጋ ላይ ብታነጥፋቸው፣ እህቴ "አንሺያቸው፣ እነሱ ሥራ ላይ ናቸው" አለቻት።

ወደ ልጄ ልምጣ። እናቷ የሞተችው ገና ሕፃን ሳለች ስለሆነ ያሳደገቻት እህቴ ናት። ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ፣ እህቴ ዘመድ አላዋልድም አለች።

"አክስቴ፣ አንቺ ካላዋለድሽኝ አልወልድም" አለች ልጄ።

"እሱን ሆድሽ ላለው ንገሪው።"

ልጄ አኩርፋ ሰነበተች። ኩርፊያ ያስተማረቻት ራሷ እህቴ ስለነበረች፣ የተሸነፈችው እህቴ ናት። የእርግዝና ክትትሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ራሷ ያዘች። በየቀጠሮው እጇን አሙቃ ሆዷን ትዳስሳለች፣ የደም ግፊቷን ትለካለች፣ ልብ ታዳምጣለች፤ ከዚያም ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ምግቧ፣ ከማን ጋር እንደተጣላች ትጠይቃታለች። የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ረጅም ጊዜ ይወስድ ነበር፤ ምክንያቱም መልሱ ሁልጊዜ አማቷ ነበሩ።

የልጄ አማት ልብስ ሰፊ ናቸው። ልጃቸው፣ ማለትም የልጄ ባል፣ የረጅም መንገድ ሾፌር ስለሆነ፣ እሱ በሌለበት ኃላፊነቱ ሁሉ የእኔ ነው ይላሉ። ሆስፒታል ካልሆነ ብለው ድርቅ አሉ። አንድ ቀን ቢሮዬ መጥተው በሩን ዘጉና፣

"የልጅቷ አባት፣ እህትህን አከብራለሁ" አሉኝ። "ግን ሴትዮዋ ከቆዪ ሌላ ቃል አታውቅም። ቆዪ ቆዪ ስትል ልጁ ቢያመልጠንስ?"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል" አልኳቸው።

"የፈሰሰ ጤፍ ይለቀማል። ልጅ ይለቀማል?"

እኔም እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኸው ነበር።

ምጡ የጀመረው ጠዋት ነው። አማቷ ለሆስፒታል ያዘጋጁትን ሻንጣ እንዳነገቱ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እኔ ቢሮዬ ነበርኩ፤ ማንም ያልጠየቀውን ፋይል ለመፈለግ ግን ደጋግሜ በኮሪደሩ አለፍኩ። እህቴ አንሶላዎቿን አቅፋ ወጣች።

"ሰው አጥተናል" አለች። "አንተም ያዝ።"

"እኔ እኮ ነገሩን አውቃለሁ" አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

"እያወቅህ እጠፍ።"

በአንዱ ጫፍ እኔ፣ በሌላው አማቷ ያዝን። የልብስ ሰፊ ዓይን ክፉ ነው።

"ጠርዙን ከጠርዙ ጋር! ይሄ ማጠፍ ነው መጠቅለል?"

"አንሶላ ነው እኮ።"

"አንሶላ ጠርዝ የለውም? ዩኒቨርሲቲ ስንት ዓመት ነው ያስቀመጡህ?"

ጨርሰን ሰጠናት። መልሳ አመጣቻቸው። ከክፍሉ የልጄ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ እየተራመደች ታቃስታለች፣ ቀጥሎ እህቴ የሆነ ነገር ትላለች፣ ቀጥሎ ልጄ ትስቃለች። አማቷ እጃቸው አንሶላው ላይ ቆመ።

"ትስቃለች እንዴ?"

"ትስቃለች።"

"እኔን በጀርባዬ አስተኝተው ዝም በይ ነበር የሚሉኝ" አሉ። ሻንጣውን ከትከሻቸው አውርደው ከወንበሩ ሥር አስገቡት። ከዚያ በኋላ ጠርዝ አላረሙም።

ሦስተኛውን ዙር እያጠፍን ሳለ በሩ ተከፈተ። እህቴ ባዶ እጇን ነበረች።

"ተነሱ" አለች። "መኪና አስጠሩ። ሆስፒታል እንሄዳለን።"

ይህን ቃል በመዝገብ ላይ እንጂ ከአፏ ሰምቼው አላውቅም ነበር። የልጁ የልብ ምት ምጡ በመጣ ቁጥር ይወርዳል፤ መውረዱ ባልከፋ፣ ተመልሶ ለመነሳት ግን እየዘገየ ነው አለችን። እኔ ስልኬን አውጥቼ አምቡላንስ አስጠራሁ። አማቷ አንሶላውን እንዳቀፉ በሩ ላይ ቆሙ።

"የት ነው የምትወስጃት? እየሳቀች አይደል እንዴ? ሲስተር፣ ትንሽ ቆዪ!"

"ሆስፒታል ያልሽው አንቺ አይደለሽም?"

"እሱማ ጠዋት ነው!"

"ቆዪ የምለው የሚያስቆይ ሲሆን ነው" አለች እህቴ። "አሁን የሚያስቆይ አይደለም። ዞር በይልኝ፣ እህቴ።"

ዞር አሉ። አምቡላንሱ ውስጥ ልጄን በግራ ጎኗ አስተኛቻት፤ መንገዱን ሙሉ ተንበርክካ ማዳመጫዋን ከሆዷ ሳታነሳ ሄደች። ልጄ "አክስቴ፣ አለ?" ትላለች፤ እሷ "አለ" ትላለች። ሌላ ንግግር አልነበረም።

ሆስፒታሉ እህቴን ከልጄ ጋር አስገብቶ እኔንና አማቷን ከማዋለጃው ክፍል በር መለሰን። የኮሪደሩ ወንበር የኛውን አግዳሚ ይመስላል። አማቷ ሻንጣውን ረስተው አንሶላውን ይዘው መምጣታቸውን ያወቁት እዚያ ነው። አንዱን ጫፍ ሰጡኝ። አጠፍነው። በሩ አልተከፈተም። አማቷ የታጠፈውን ጥቂት አዩትና ራሳቸው አራግፈው ዘረጉት።

"እንደገና" አሉ።

እንደገና አጠፍነው። እንደገና ዘረጉት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

"ጠዋትም እነዚያኑ አንሶላዎች ነበር እንዴ መላልሰን ስናጥፍ የዋልነው?"

መዋሸት አልችልም፤ የአንሶላውን ጠርዝ አስተካከልኩ።

"ጉድ ነሽ፣ ሲስተር" አሉ በሩን እያዩ። "ያዝ፣ ያዝ።"

ስንት ጊዜ እንዳጠፍነው አልቆጠርኩም። እኔ አለመቁጠሬ ራሱ ሊመዘገብ ይገባዋል። ልጅ ሲያለቅስ ሰማን፤ መጀመሪያ እንደማሳል ብሎ፣ ቀጥሎ በንዴት። አማቷ አንሶላውን ፊታቸው ላይ አድርገው ቁጭ አሉ።

ሐኪሙ የሕፃኗን ራስ በመሳቢያ መሣሪያ ስቦ ነበር ያወጣት፤ እትብቷ አንገቷ ላይ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞ ነበር። "በሰዓቱ ነው የደረሳችሁት" አለን። እህቴ ከኋላው ወጣች። ጉልበቷ ላይ የአምቡላንሱ ወለል ቆሻሻ ነበር። አንሶላውን አየችና "እሱ የጤና ጣቢያው ነው፣ ይመለሳል" አለች።

ልጄ አራስ ሳለች እህቴ በየቀኑ ትመጣ ነበር። ሕፃኗን ራቁቷን እናቷ ደረት ላይ ታደርጋትና በላይዋ ጨርቅ ትጥላለች። አማቷ ይበርዳታል ብለው በብርድ ልብስ ሊጠቀልሏት ሲነሱ "የእናቷ ገላ ምድጃ ነው" ትላቸዋለች። ሕፃኗ ጡት መያዝ አቅቷት ልጄ ስታለቅስ ደግሞ እህቴ በርጩማ ፈልጋ ትቀመጣለች። "ቆዪ፣ ትይዛለች። ገና መተዋወቃችሁ ነው።" ያዘች። አማቷ ከዚያ ወዲህ ለሰፈሩ ሁሉ ስለ እህቴ ያወራሉ፤ መግቢያዬ ላይ የጠቀስኳቸው ዓይነት ስህተቶች አብዛኞቹ የመጡት ከእሳቸው ነው።

እህቴ ጡረታ በወጣች በዓመቱ ታመመች፤ ብዙም አልቆየችም። በቀበርናት ማግስት ቤቷ ሰው ሞልቶ ነበር። ሰው የሚናገረው አያልቅበትም፤ እኔ ግድግዳ አያለሁ። የልጄ አማት ገቡ። በቀጥታ ሄደው የእህቴን ቁም ሳጥን ከፍተው የታጠቡ አንሶላዎች አወጡ፣ ዘበራረቋቸው፣ አጠገቤ ተቀምጠው አንዱን ጫፍ አስያዙኝ።

"ጠርዙን ከጠርዙ ጋር" አሉ።

አጠፍናቸው። ሲያልቁ እኔ አቅፌ ጓዳ ገባሁ። አንድ በአንድ አራገፍኳቸው። የሳሙና ሽታ ነበራቸው። መልሼ አመጣሁና ፊታቸው አስቀመጥኩ።

አማቷ ክምሩን አዩት፤ እኔን አዩኝ።

"ገና አላለቀም?"

"ገና ነው" አልኳቸው።

"ያዝ እንግዲህ" አሉ።