ከፋይ አርባ ሦስት የፈረመበት ወረቀት

እኔ ሰው አገናኝ ነበርኩ። ደላላ እንዳይመስላችሁ፤ ደላላ ቢያንስ ኮሚሽን ያገኛል። ቦንጋ ውስጥ በአንድ የዞን መሥሪያ ቤት የመረጃ ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ዓመት ስለ ልጅ ቀለብ ከፋዮችና ተቀባዮች ጥናት ይደረግ ተባለና ሥራው እኔ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ሲነገር ቀላል ነው። ፍርድ ቤት ቀለብ ክፈሉ ያላቸውን አባቶች መዝገብ ከአንድ ወገን፣ የየወረዳውን የደመወዝ ፔሮል ከሌላ ወገን አምጥቶ ማገናኘት፤ ከዚያ ማን እንደሚከፍል፣ ማን እንዳቆመ፣ ለምን እንዳቆመ ማወቅ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ከመጀመራችን በፊት ኃላፊያችን ሰበሰቡንና የምስጢር ቃል አስፈረሙን። ኃላፊያችን ምስጢር ይወዳሉ፤ የስብሰባ ሰዓት እንኳ የሚነግሩን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። "ከዛሬ ጀምሮ ስም የሚባል ነገር የለም" አሉ። "ከፋይ አንድ፣ ከፋይ ሁለት እያላችሁ ነው የምትሠሩት። ስም ያወጣ በሕግ ይጠየቃል።" እኔም ፈረምኩ። የቆጨኝ በኋላ ነው።

ምክንያቱም አንዲት ሴት አውቅ ነበር። እኛና ፍርድ ቤቱ አንድ አጥር ውስጥ ነን። ገበያ ላይ ኮረሪማ የምትሸጥ ሴት ማክሰኞ ማክሰኞ እዚያ አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ልጅ አለቻት። ልጅቷ ገና በጨቅላነቷ፣ ዋጫ ከተማ የሚሠራው አባቷ ከደመወዙ እየተቆረጠ ቀለብ እንዲከፍል ተፈርዶ፣ ለተወሰኑ ዓመታት ሲደርሳት ቆይቶ ነበር። ከዚያ ሰውየው ተዛወረና ቀለቡ ቀጥ አለ። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ "አሁን የት እንደሚሠራ የሚያሳይ ማህተም ያለበት ወረቀት አምጪና እንጽፍልሻለን" ይላታል። መሥሪያ ቤቶቹ ጋ ስትሄድ ደግሞ "ለግለሰብ ወረቀት አንሰጥም፤ ፍርድ ቤት ይጠይቀን" ይሏታል። ስትመለስ ጸሐፊው "ወረቀቱስ?" ይላታል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! እስከ ክረምት ካልተሳካላት ልጅቷን ከትምህርት አውጥታ ጅማ፣ ሰው ቤት ልታስቀጥራት እንደሆነ ራሷ ነግራኛለች።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ፔሮል ሳገላብጥ ቆየሁና ከፋይ አርባ ሦስት ላይ ደረስኩ። የልጅቷ ዕድሜ ገጠመ፣ ዋጫ ገጠመ፣ የተዛወረበት ጊዜ ገጠመ። የሴትዮዋ ሰውዬ ነው። ሌላ ወረዳ፣ ቢታ ገነት ነው ያለው፤ ጭራሽ ዕድገት አግኝቶ ቡድን መሪ ሆኗል! ቆረጣው ለምን እንደቀረ ላጣራ ብዬ ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ሰው ያለ አንዳች ሐፍረት "የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ ከግል ማህደሩ ጋር ፖስታ ውስጥ አሽገን ልከናል" አለኝ።

"በማን?"

"በራሱ ነዋ! ተዛዋሪ ማህደሩን በእጁ ይዞ ነው የሚሄደው። አሠራራችን ነው።"

ኧረ በሕግ አምላክ! ጅብን ይህን ሥጋ አድርስልኝ ብሎ መላክ ማለት ይህ ነው። ቢታ ገነት ስደውል ፖስታው በሰላም ገብቷል። ክሊራንሱ አለ፣ የትምህርት ማስረጃው አለ፣ ያልተጠቀመበት የዓመት ፈቃድ ሳይቀር አለ። የጠፋው የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ብቻ ነው። ስለ እሽጉ ስጠይቅ ዝናብ አላቅቆት ነበር አሉኝ። መቼም ካፋ ውስጥ በዝናብ የማይሳበብ ነገር የለም።

እየተንደረደርኩ ኃላፊያችን ጋ ገባሁ። "ጋሼ፣ ከፋይ አርባ ሦስት የት እንዳለ ለፍርድ ቤቱ ብንነግረውስ?"

"ከፋይ አርባ ሦስት ሰው አይደለም" አሉኝ፤ "ዳታ ነው።"

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ሰውየውን አግኝተነዋል፣ ግን አላገኘነውም። ወደ ወንበሬ ስመለስ ብስጭቴ ስክሪኑን ሊያስመታኝ ምንም አልቀረውም።

ምን ልደብቃችሁ፣ ማክሰኞ ሲመጣ አልቻልኩም። ሴትዮዋ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩና በቋንቋችን፣ በካፊኖኖ፣ "እትዬ፣ ሰውየው ቢታ ገነት ነው ያለው" ብዬ አንሾካሾክሁ። አገር የሸጥኩ መስሎኝ ላብ አጥምቆኛል። እሷ እንደ ሞኝ አየችኝ።

"ቤቱ የት እንደሆነ ሁሉ አውቃለሁ" አለች። "ሺሺንዳ ገበያ የምናገኛቸው ነጋዴዎች ጫማ መግዛቱን ሳይቀር ይነግሩኛል። ወንድሜ፣ እኔ ያጣሁት ሰውየውን አይደለም፤ ወረቀት ነው።"

እኔ ሦስት ሳምንት ኮምፒዩተር ላይ የተጣድኩበትን ግኝት የኮረሪማ ነጋዴዎች ያለ ውሎ አበል ጨርሰውታል። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጥናቱ አለቀና ለውይይት ቀረበ። ከየወረዳው ተወካይ ተጠርቶ አዳራሹ ሞላ። ቆረጣቸው የተቋረጠ መዝገቦች "ተቀባዮች ተገቢውን ክትትል ያላደረጉባቸው" ተብለው ተጠቃለሉ፤ መፍትሔውም ለእናቶች የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና መስጠት ሆነ። ያቺ አግዳሚውን ተቀምጣ የጨረሰችው ሴት ግንዛቤ ጎድሏት ኖሯል! ከዚያ የቡድን ውይይት ሆነ። የቢታው ተወካይ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ከፋይ አርባ ሦስት፣ ፔሮሉ ላይ ያየሁት ስም ራሱ! አዲስ ጫማውን አጥልቆ፣ ተነሥቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ስለ አባቶች ኃላፊነት የቡድኑን ሐሳብ አቀረበ። ቤቱ አጨበጨበ። እኔም ከሰው ጋር አጨበጨብኩ፤ እጄን በቆረጠው።

ሲያልቅ አበል ተከፈለ። ከፋይ አርባ ሦስትም ተራው ደርሶት ጎንበስ አለና አቴንዳንሱ ላይ በገዛ እጁ ሞላ፤ ሙሉ ስም፣ መሥሪያ ቤት፣ የሥራ ድርሻ፣ ፊርማ። አበል ሲሆን አድራሻው የሚጠፋበት ሰው የለም። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ብልጭ ያለልኝ።

የሌሎቹን መስመር በባዶ ወረቀት ሸፍኜ የእሱን ብቻ ኮፒ አደረግኩና ኃላፊያችን ፊት አስቀመጥኩት። መነጽራቸውን አወለቁ። "ይህ ምንድን ነው?"

"አቴንዳንስ ነው፣ ጋሼ። አቴንዳንስ ጥናት አይደለም፤ የአበል ሰነድ ነው።"

በሩን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ፣ እኔን አዩኝ። ከዚያ ማህተሙን እፍ እፍ አሉና "ከዋናው ጋር ተገናዝቧል" ብለው ጽፈው መቱት። ቲተራቸውንም ጨመሩበት። "ከእኔ አላገኘኸውም" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ ቲተሩ ላይ ስማቸው ከነአባታቸው ተጽፎ እያለ። በዚያች ቀን ወደድኳቸው።

ልጅቷ ጅማ አልሄደችም። ፍርድ ቤቱ በዚያው ሳምንት ጻፈ፤ ቆረጣውም ብዙ ሳይቆይ ጀመረ። እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ግን ወረቀቱን የሰጠሁበት ቀን ነው።

ሴትዮዋ ያን ቀን ልጇን ይዛ ነበር የመጣችው። እሷ ማንበብ ስለማትችል ወረቀቱን ለልጅቷ አቀበለቻት። ልጅቷ ክፍል ውስጥ አንብቢ እንደተባለች ቀጥ ብላ ቆማ ጮክ ብላ አነበበች፤ መጀመሪያ ሙሉ ስሙን፣ ቀጥሎ መሥሪያ ቤቱን፣ ከዚያ የሥራ ድርሻውን። ፊርማው ላይ ስትደርስ ጣቷን በላዩ ላይ በቀስታ አስኬደችው።

"ይህን እሱ ነው የጻፈው? በራሱ እጅ?"

"አዎ፣ የኔ ልጅ።"

"ሌላ ኮፒ አለ?"

የቢሮ ሰው ነኝና አፌ የለመደውን መለሰ። "ለፍርድ ቤቱ አንድ ይበቃል" አልኳት።

"ለፍርድ ቤቱ አይደለም" አለች።