የደነገጠ ሰው ሐኪም

አክስቴ የደነገጠ ሰው ካዩ ሥራ ያስይዙት ነበር። አንድ ቀን ሮምሶስ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን ልጄ ከደረጃ ወደቀችና ቁርጭምጭሚቷ አበጠ። እኔ «ተሰበረች! ድንገተኛ ሕክምና፣ ሌገቫክት እንውሰዳት!» እያልኩ እያለቀስኩ ጮኽኩ። እሳቸው እግሯን ትራስ ላይ አድርገው፣ ከፍሪዘር አተር አውጥተው በፎጣ ጠቅልለው ያዙላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ማልቀስሽ ካልቀረ ሽንኩርት እየላጥሽ አልቅሺ። ለወጥ ይሆነናል።»

ድስት ሙሉ ላጥኩ።

ልጄ «አያቴ፣ እኔን ነው ወይስ ማማን የምታክሚው?» አለቻቸው።

«አንቺማ ጣቶችሽ ይንቀሳቀሳሉ። የባሰባት እሷ ናት!»

ልጅቷ እየሳቀች ተነሳች፤ ባበጠው እግሯም ቀስ ብላ ረገጠች።

ዛሬ እንደ ልቧ ትሮጣለች። እኔ ግን በሮጠች ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል። አክስቴ፣ እርስዎ ካረፉ ወዲህ የሚቆጣኝ ሰው የለኝም።