የቢቸናው አዳራሽ መስታወት

ከትናንት ወዲያ ሰም ልገዛ ከሞጣ ቢቸና ሄጄ ነበር። ሰም የምገዛው ከምናለ ነው... ገር ሰው፣ ሚዛን የማያጎድል። ሱቁ ስገባ ግድግዳው ላይ የመሪውን ፎቶግራፍ አየሁ። በሊጥ ተለጥፏል፤ ዝንብ ወሮታል።

«በመስታወት ይሰቀል አልተባለም እንዴ? ሌላው ሁሉ ሰቅሏል» አልሁት።

«መስታወት ገበያ ላይ የለም።»

«ታዲያ ሌላው ከየት አመጣው?»

በአገጩ ወደ አዳራሹ አመለከተኝ። «እኔ የሕዝብ ንብረት አልነካም» አለ።

አዳራሹ በንጉሡ ጊዜ ለስብሰባና ለቴአትር የተሠራ ነው። ክዳኑ ጠፍጣፋ ሲሚንቶ፣ ፊቱ ከላይ እስከ ታች በብረት የተከፋፈለ መስታወት። እኛም ሞጣ መንትያው አለን። ከአብዮቱ ወዲህ የሚገባበት ፍየል ብቻ ነበር። አሁን እስር ቤት ይሁን ተብሎ፣ ያን ዕለት ከክፍለ ሀገር የመጣ ሹም ሊያየው ቢሄድ ብረቱ ብቻ ቆሟል። እያንዳንዱ መስታወት የአንድ ፎቶግራፍ ልክ ነበራ።

ሹሙ «ምሳ በልቼ እስክመለስ ሌባው ይቅረብ» ብሎ ሄደ። ጥሩምባ ተነፋ። የመንደሩ ወንድ ሁሉ፣ እኔም እንግዳው ሳልቀር፣ ተነድተን አዳራሹ ውስጥ ገባን። በሩ ላይ ጠመንጃ የያዙ ቆሙ።

አንድ ሽማግሌ መሪጌታ «ልጄ፣ ይሄ ያው የድሮው አውጫጭኝ አይደለም?» ብለው ጠየቁ።

«አውጫጭኝ ከፊውዳሉ ጋር ተቀብሯል አባ» አለ የቀበሌው ሊቀመንበር። «ይሄ ውይይት ነው። ሌባው እስኪወጣ ማንም አይወጣም።»

ዝናቡ በባዶው ብረት እየገባ ይመታናል። ሌባው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ነው። ሊቀመንበሩ ቢሮ የተሰቀለው ደግሞ ትልቁ፣ የበሩ መስታወት ነው። ጠዋት የይለፍ ወረቀቴን ላሳይ ገብቼ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ከኋላ አንድ ሞኝ «ቤት ለቤት ይፈተሽ» አለ። አጠገቡ ያለው ሰው እግሩን ረገጠው።

ይሄኔ ደመላሽ የሚባል አቡጀዲ ነጋዴ ጋቢውን አስተካክሎ ተነሣ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ መስታወቱ አልጠፋም። በየሱቁ የመሪያችንን ፊት ከዝንብ እየጠበቀ ነው። ይሄ ስርቆት አይባልም። ሱቁ ውስጥ መስታወት የሌለው ሰው ግን... የእሱን ድርሻ የት አደረሰው?»

አዳራሹ ሙሉ ሰው ተነፈሰ። አንገት ሁሉ ወደ ምናለ ዞረ።

«እኔ አልወሰድሁም» አለ ምናለ።

«ሁሉ ሲወስድ አንተ ብቻ?»

«የሕዝብ ነው ብዬ ነዋ።»

«እኛስ ምንድን ነን? ከብት ነን?» አለ ደመላሽ። ሰዉ ሣቀ። መሪጌታውም ሣቁ።

«ሽጦታል!» አለ አንዱ። «ለመሪው መስታወት የነፈገ!» አለ ሌላው። የሕዝብ ንብረት አልነካም ሲል ጠዋት ከአፉ የሰማሁት እኔ ነበርሁ። ግን የእኔም ሱቅ፣ ሞጣ ያለው፣ መስታወት የለውም። ምላሴን ሰበሰብሁ።

ሊቀመንበሩ ዓይኑን እኔ ላይ ጣለ። «አንተ የሞጣው... ሱቅህ መስታወት አለው?»

«አለው።»

«ትልቅ ነው?»

«የእርስዎን አያህልም» አልሁት።

ትንሽ አየኝና ፊቱን አዞረ። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀኝም።

ሹሙ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ሲመለስ ሌባው ተገኝቶ ጠበቀው። የቀረው ሥራ መስኮቱ ነበር። ድንጋይ ተሸክመን፣ ጭቃ አቡክተን፣ መስታወት የነበረበትን ሁሉ ደፈንነው። እስረኛው ምናለ ከውስጥ ሆኖ ጭቃ ያቀብለናል፤ ሰው እንዳይጠብቀው ቶሎ ቶሎ ነበር የሚያቀብለው። የመጨረሻዋን ድንጋይ ያስቀመጠ ደመላሽ ነው። «ይብራህ» አለው... ሰዉ እንደገና ሣቀ።

ሰሙን ከሚስቱ ገዛሁ። በዋጋ አልተከራከረችኝም።

ትናንት ሞጣ ከመኪና እንደወረድሁ ቤቴ አልገባሁም። ቀጥታ ወደ እኛው አዳራሽ ሄድሁ። የቢቸናው ወሬ ከመኪናው ቀድሞ ደርሷል፤ ከአንዲት የተሰነጠቀች መስታወት በቀር ሁሉም ተለቅሟል። እሷንም አንድ ዳቦ ጋጋሪ እየነቀነቀ አገኘሁት። «እኔ ቀድሜ ነው የመጣሁ» አለኝ። ለጧፍ ያሰብሁትን አንድ ድቡልቡል ሰም ሰጠሁትና ተወልኝ።

ዛሬ ጠዋት ሰቀልሁት። ስንጥቁ በመሪው ፊት ላይ እንዳይውል ገልብጬ አስገባሁት። አሁን በአንገቱ ላይ ያልፋል... በሊጥ ከመለጠፍ ይሻላል።