ከትከሻ የወረደ ስልክ

የሆስፒታሉ ስልክ ኦፕሬተር አንገቷ ወደ ግራ ዘመም ያለ ነው። ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ ሃሎ» ይላታል፤ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ክፍል ብቻ ሳይሆን አይቀርም። የስልክ ማዞሪያው ፊት ስትቀመጥ መነጋገሪያውን፣ ሃንድሴቱን፣ በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ትሸጉጣለች፤ በአንድ እጇ መስመር ታገናኛለች፣ በሌላው መልእክት ትጽፋለች። ሥራውን ያስለመደቻት ሴት እንዲህ ነበር የምትይዘው፤ እሷም በዚያው ቀጠለች።

ዘንድሮ ግን ትከሻዋ አሻፈረኝ አለ። ክንዷ እየደነዘዘ እስክሪብቶ ከእጇ ይወድቅ ጀመር። አለቃዋ፣ አዝኖላት፣ «ካልተሻለሽ ልብስ ማጠቢያ አዛውርሻለሁ» አላት። የታማሚ ዘመድ እያለቀሰ ሲደውል አረጋግታ ወደ ዋርድ የምታሻግረው እሷ ናት፤ ይህን ለማን ትታ ትሂድ?

በዚያው ሰሞን ሃንድሴቱ እንደ ልማዱ ተሰነጠቀና «ጥገናው» የሚባለው የስልክ ጠጋኝ መጣ።

«እትዬ፣ ያወሩበታል ወይስ ሚስማር ይመቱበታል?»

«አንተ ዕቃህን ጠግን፤ ሚስማሩን ለኔ ተወው።»

አዲስ ገጥሞላት ሊወጣ ሲል ስልኩ ጮኸ። አንስታ ሸጎጠችው። ጥገናው በሩ ላይ ቆሞ አያት፤ ከዚያ የተሰነጠቀውን ከቦርሳው አውጥቶ አገላበጠው። ስንጥቁ ልክ ትከሻዋ የሚጫነው ቦታ ላይ ነው። ያለፈውም እዚያው ነበር የተሰነጠቀው።

«ለካ እየጣሉት አይደለም» አለ ስትጨርስ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ዕቃ እጠግናለሁ፣ እርስዎ ይሰበራሉ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ሃንድሴት በእጁ ለሚይዝ ሰው ነው። ለእርስዎ የሚሆነው ሄድሴት ነው። ራስ ላይ ይጠለቃል፤ ማዳመጫው ጆሮ ላይ፣ ማይኩ አፍ ፊት። እጅም ትከሻም አይፈልግም።»

«እሱ የአውሮፕላን ነጂዎች አይደለም እንዴ?»

«እርስዎስ በምን አነሱ?»

ጥገናው ሄድሴት እንዲገዛላት ጠየቀ፤ ግዢ ክፍል ግን «መስሚያ እንደሆን አዲስ ተሰጥቷታል» ብሎ ጥያቄውን መለሰው። ጥገናው ሁለቱን ስንጥቅ ሃንድሴቶች ጠረጴዛው ላይ አኖረና፣ «ሦስተኛውም ይመጣል፣ ከነሴትዮዋ አንገት» አላቸው። ሄድሴቱ ተገዛ።

የገጠመላት ዕለት ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አየቻቸው። አንገቷ ግን ልማዱን አልረሳም፤ የሌለውን ስልክ ሊይዝ ወደ ግራ ያዘነብላል። ትስቅና ታቃናዋለች። አለቃዋ በበሩ ብቅ ብሎ አያትና ስለ ልብስ ማጠቢያው ሳያነሳ ሄደ።

ጥገናው ከወርክሾፑ ደወለ። «እትዬ፣ በደንብ ይሰማል?»

«ይሰማል፣ የኔ ልጅ። ዕድሜ ይስጥህ፣ ትከሻህን አይመምህ» አለችው። «በል አሁን ዝጋ፤ ሰው እየጠበቀኝ ነው።»