የእማዬ ግቢና የእኔ ኮብልስቶን

ባለፈው ሳምንት... እማዬ ከአረቅጥ ስትመለስ የግቢያችንን በር ከፍታ እዚያው ቆማ ቀረች። እኔ ከውስጥ ሆኜ ፊቷን አያለሁ። በደስታ ደንዝዛ ነው ብዬ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ እማዬ ያለችው ወልቂጤ፣ ተወልጄ ባደግኩበት ቤት። ክረምት በመጣ ቁጥር ግቢው ጭቃ በጭቃ ይሆናል። በላስቲክ ጫማ እየተንሸራተተች ማድቤት ስትመላለስ ባየሁ ቁጥር አንድ ቀን ወድቃ ወገቧን ትሰበራለች እያልኩ እሳቀቃለሁ። ዘንድሮ ለመስቀል ቀደም ብዬ ስገባ እሷ አክስቴን ልትጠይቅ አረቅጥ ሄደች። በቃ... ስትመለስ አዲስ ግቢ ይጠብቃት አልኩ።

የሰው ግቢ ሲሠራ በስልኬ ሳይ ነው የከረምኩት። ከበሩ እስከ ማድቤት ደረቅ መንገድ፣ መሐል ላይ በኮብልስቶን የተነጠፈ የእንግዳ መቀመጫ፣ ዳር ዳሩን አበባ። ሠራተኞቹን ሳይቀር ከአዲስ አበባ አስመጣሁ፤ የአገሬ ልጆች አይችሉበትም ብዬ። እንሰቷን ግን ቅጠሏንም አልነካሁ። እንዲያውም በዚህ አስተዋይነቴ ኮርቼ ነበር።

ማድቤቱ አጠገብ ደረቅ የእንሰት ቅጠል ተከምሮ ድንጋይ ተጭኖበታል። አንዱ ሠራተኛ «ይሄስ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ቆሻሻ ነው» አልኩት። «ድንጋዩን አበባው ዳር ደርድሩትና ገረጋንቲ ሙሉበት።»

ሞሉበት። ጠቀጠቁት። ኮብልስቶኑንም አነጠፉበት።

እና እማዬ በሩ ላይ እንደቆመች ግቢውን ዞር ዞር ብላ አየችና «ድንጋዮቹስ?» አለችኝ።

«የቶቹ?»

«ማድቤቱ ጋ የነበሩት።»

«አበባው ዳር ናቸዋ። አያምሩም?»

ወደ አበባው ዳር አየት አደረገች። ከዚያ ሁለት እጇን ዘርግታ መረቀችኝ። «ተባረክ ልጄ። ዕድሜ ይስጥህ። አምሯል።» እኔም አሜን አሜን እያልኩ ደረቴን ነፋሁ።

የመስቀል ዕለት እንግዳው ሁሉ አዲሱ ኮብልስቶን ላይ ተቀመጠ። የእማዬ ወንድም ጋሽ ደሳለኝም ከአገና መጥቷል። ክትፎው ቀረበ፣ ቆጮው ቀረበ። ጋሽ ደሳለኝ አንድ ቁራሽ ቆጮ አኘከ... ቆም አለ... እማዬን አያት።

«ይሄ የገበያ ነው» አለ።

የኛን አገር ለማያውቅ ሰው ቀላል ነገር ይመስላል። የእማዬ ቆጮ ግን ስም ያለው ነው። ለመስቀል የሷን ቆጮ ለመብላት ብለው የሚመጡ ዘመዶች አሉን። ለእንግዳ የገበያ ቆጮ አቅርባ አታውቅም።

«ዘንድሮ ሰነፍኩ ወንድሜ» አለች አንገቷን ደፍታ። «ጉልበቴም አልረዳኝም።»

«አረጀሽ በይኛ» አለና ሳቀ። እንግዳውም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ... ስቄም አልቀረሁ፣ «እማዬ አሁንማ እረፊ፣ እድሜ ለገበያ» ብዬ ጨመርኩበት። ይቺን ሳስታውስ ምላሴን መንከስ ያምረኛል።

እንኳን አደረሳችሁ ልትለን የመጣችው ጎረቤታችን እትዬ ሙንተሃ እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ።

«እናትህ ስትሰንፍ አይተህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«ኧረ አላውቅም።»

«ለዚህ መስቀል ብላ የቀበረችውን ቆጮ ነው እኮ ድንጋይ ያነጠፍክበት። ወላሂ እኔም አብሬያት ፍቄዋለሁ። ልጄ ይከፋዋል፣ እንዳትነግሩት ብላ ነው ዝም ያልነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ... ግን መሬቱንም ጠቅጥቄዋለሁ።

እኛ ጋ እንሰት የሚፍቁት፣ በቅጠል ጠቅልለው ጉድጓድ ውስጥ የሚቀብሩት፣ ድንጋይ የሚጭኑበት ሴቶች ናቸው። ወንድ አይጠጋም። እኔ ቆጮን የማውቀው ሳህን ላይ ነው። ዕድሜ ልኬን ከበላሁበት ጉድጓድ ላይ ቆሜ ቆሻሻ ነው አልኩ።

እንግዳው ሲበተን «እማዬ፣ ነገ አፈርሰዋለሁ» አልኳት።

ወዲያው ገባት። «ተወው፤ ስንት የለፋህበትን። ቆጮ መሬት ውስጥ ቢቆይ አይበላሽም። ለእኔ ለቅሶ የሚመጣው ሰው ይበላዋል።»

እንደ ቀልድ ነው ያለችው። እኔን ግን አላሳቀኝም። ልጄ ይከፋዋል ብላ በወንድሟ ፊት ሰነፍኩ ያለች እናት ናት።

ዛሬ ጠዋት ዶማ ተውሼ ማፍረስ ጀመርኩ። ኮብልስቶኑን ነቅዬ፣ ገረጋንቲውን ቆፍሬ፣ በላብ ተጠምቄ... ምንም የለም። ለካ ኮብልስቶኑ ከተነጠፈ ወዲህ ቦታውንም አላውቀውም። እማዬ በረንዳው ላይ ሆና ስታየኝ ቆየችና መጥታ በእግሯ ጫፍ መታ መታ አደረገች።

«እዚህ ጋ ነው።»

ቅጠሉን ስንገልጠው ሽታው ግቢውን ሞላው። ቆንጠር አድርጋ ቀመሰች። ከአረቅጥ ከመጣች ወዲህ ፊቷ ሲፈታ ያየሁት ያኔ ነው። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። በቅጠል ጠቅልላ ጠቅልላ አንድ ትልቅ ጥቅል እጄ ላይ አስቀመጠች።

«አገና ለአጎትህ ታደርስለታለህ» አለች። «በመስቀል ለምን የገበያ እንደበላም አንተው ትነግረዋለህ።»

ይህን የምጽፍላችሁ ጥቅሉን ጭኔ ላይ አድርጌ ሚኒባስ ውስጥ ነው... ሁልጊዜ አልደርስ የሚለኝ የአገና መንገድ ዛሬ ምነው እንዲህ አጠረ።