ሙሾ የመሰለው መዝሙሬ

ወልድያ በሄድኩ ቁጥር ያንን መዝሙር ከአንዱ ባጃጅ ውስጥ እሰማዋለሁ። ኪቦርዱ ፈጥኗል፣ ጭብጨባ ተጨምሮበታል፣ ዘማሪዎቹ እየዘለሉ ነው የሚዘምሩት። ሾፌሩ የማን እንደሆነ አያውቅም፤ እኔም አልነግረውም። ፍጥነቱ ግን ያናድደኛል። ቀስ ተብሎ መዘመር ያለበት መዝሙር ነው፤ ይህን ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ብዙ ነገር ይወራበታል። ራእይ አይታ ነው የሚሉ አሉ። ጾም ጸሎት ይዛ ተራራ ወጥታ ነው የሚሉም አሉ። እኔ እንኳን ተራራ ልወጣ፣ ያን ሰሞን መርሳ አስፋልት ዳር ካለው የማንጎና የብርቱካን መደቤም አልራቅኩም። አውቶቡስ ሲቆም እሮጣለሁ፣ አውቶቡስ ሲሄድ እቀመጣለሁ። መዝሙሩ የወጣው በዚያ በመቀመጫዬ ነው፤ በቃሌ ይዤው፣ ሲሞላልኝ በስልኬ ቀዳሁት። ዜማው ደግሞ ከሰማይ አልወረደም። የእናቴ ሙሾ ነው።

እናቴ የጉባ ላፍቶ ደገኛ ናት። በእኛ አገር ሙሾ ታወርዳለች ሲባል ከሲሪንቃ እስከ ሐራ የሚያውቋት እሷን ነው። ሰው ሲሞት እሷ ትጠራለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትገባና ወደ ሟቹ ዘመድ ጆሮ ጠጋ ብላ ጥቂት ነገር ትጠይቃለች፤ ምን ያርስ ነበር፣ ማንን ያበላ ነበር፣ በምን ይስቅ ነበር። ከዚያ ሟቹን በስሙ ጠርታ ትጀምራለች። ደረቅ ዓይን ይዞ የመጣ ሰው ደረቅ ዓይን ይዞ አይመለስም። እኔ ጴንጤ ከሆንኩ በኋላ ጥቂት ጊዜ ፊቷን አዞረችብኝ፤ ኋላ ተወችኝ። ወደ እኔ ቤተ ክርስቲያን ግን ደጃፉን እንኳ ረግጣ አታውቅም ነበር።

ታዲያ ይህቺ ለሁሉ ያለቀሰች ሴት ለገዛ ልጇ አላለቀሰችም።

ወንድሜ የሞተው በጦርነቱ ወራት ነው፤ ጥይት አልመታውም፣ ታሞ ነው። መድኃኒት ጠፍቶ፣ ሐኪም ሸሽቶ፣ መንገድ ተዘግቶ ነበር። ሰፈሩ ግማሹ ደሴ፣ ግማሹ ከዚያም አልፎ ሄዷል። እናቴና እኔ፣ ሁለት ጎረቤት፣ ከሰፈር ያልወጡ አንድ አረጋዊ ቄስ፤ በቃ፣ ቀባሪው ይኸው ነበር። ድምፅ ማሰማት ያስፈራ ስለነበር ማንም አላለቀሰም። አፈሩን መልሰን ዝም ብለን ወደ ቤት ገባን።

ሰው ሲመለስ ሁሉም የራሱን ኀዘን ይዞ ነው የተመለሰው። አንድ ሁለት እየሆኑ መጥተው አጽናኑን፤ ድንኳን ግን አልተተከለም፣ ለቅሶም አልተቀመጥንም። እናቴ የሰው ለቅሶ መድረሷን አላቆመችም። ስለ ወንድሜ ከተነሣ ግን «ቀብሬዋለሁ» ትልና ወሬውን ትቀይራለች። ስሙን መጥራት ተወች። የእሱን ነገር ማንሣት ሲኖርባት «ያ ልጅ» ትል ነበር። ሌሊት አትተኛም፣ እህል አይወርድላትም፣ ቀሚሷ ሰፋት። እኔ እናቴን በዓይኔ እያየሁ እያጣኋት ነበር። ብታለቅስ እንደምትድን ደግሞ አውቄዋለሁ፤ ማስለቀሱ ነው የጨነቀኝ።

መዝሙሩ የወጣው በዚያ ጭንቀት ላይ ነው። ሙሾ የሟችን ሥራ ይዘረዝራል። እኔ የጌታን ሥራ በእናቴ ዜማ ዘረዘርኩ፤ ልዩነቱ የእኔ ሟች መነሣቱ ነው። የመጀመሪያው ቤት እንዲህ ይላል፦

በር ቢዘጋብኝ በመስኮት ገብተሃል፣
ሰው በሌለበት ቀን አንተ ተገኝተሃል።

የመዘምራኑ መሪ ሲሰማው ፊቱ ተኮማተረ። ጌታ እንደ ሌባ በመስኮት አይገባም አለኝ። ደቀ መዛሙርቱ በር ዘግተው ተቀምጠው ሳለ መካከላቸው አልቆመም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ከዚያ ወደ ዜማው ዞረ። ይህ የለቅሶ ቤት ዜማ ነው፣ ምእመኑ ይከፋዋል አለ። የከፋው ሰው መዝሙር አያስፈልገውም ወይ ብዬ ድርቅ አልኩ። እኔ ድርቅ ካልኩ ደግሞ የሚያላውሰኝ የለም። አንድ እሁድ እንሞክረው ተባለ።

ያን እሁድ ረፋድ ላይ ድምፅ ማጉያው በር ላይ ነበር፣ አፉ ወደ ሰፈሩ የዞረ። መዝሙሩን ጀመርን። መሪው ፈርቶ ስለነበር ኪቦርዱ እንኳ ቀስ ብሎ ነው የገባው፤ ዜማው እርቃኑን ወጣ። የመጀመሪያውን ጨርሰን ሁለተኛውን ስንይዝ በበሩ አንዲት ጎረቤት ገባች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። ቀጥላ ሌላ። ቀጥሎ ሻሻቸውን ያጠበቁ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ደረታቸውን ይዘው እየተጣደፉ ገቡ። በእኛ አገር እድሩን ቅሬ ነው የምንለው፤ ሙስሊምና ክርስቲያን አንድ ላይ ነው የሚቀብርበት። የቅሬው ጎረምሶች ከኋላ ብቅ ሲሉ ሳይ ድምፄ ተሰነጠቀ፤ የድንኳኑን ቋሚ ተሸክመው መጥተዋል።

ሰው የሞተ መስሏቸው ነው። ምን ይፈረዳል? ያ ዜማ በተሰማበት ሁሉ ሰው ሞቶ ነው የሚያውቁት።

የቅሬው ዳኛ፣ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሽማግሌ፣ ከሰዉ ፊት ቆመው ግራ ቀኝ አዩ። ሬሳ የለም። እኛም መዝሙሩን አቁመን እርስ በርስ እንተያያለን። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። መሪው ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ይቅርታ ሊጠይቅ ማይኩን አነሣ።

እናቴ የገባችው በዚህ መካከል ነው። ማንም ሳይጠራት እንደመጣች ከአተነፋፈሷ ያስታውቃል። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፣ መቀነቷን አጥብቃለች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት፤ ሙሾ አውራጇ ስትመጣ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። የቆመችበት ቤት የማን እንደሆነ ልብ ያለችም አይመስለኝም። ቀጥታ ወደ ዳኛው ሄደች።

«ማን ነው የሞተው?» አለች። «ጥሩምባ ሳይነፋ ምን አስቸኮላችሁ?»

ተሳስተን ነው፣ መዝሙር ነው ቢሉ ያልቅ ነበር። መሪውም ሊለው አፉን ከፍቷል። ዳኛው በእጃቸው ከለከሉትና እናቴን ትክ ብለው አዩዋት።

«ያንቱ ልጅ ነው እትዬ» አሉ። «እኛ በሌለንበት ነው የቀበሩት። ይኸው ዛሬ መጣን።»

ሁለት ሴቶች ደግፈው ከምእመናን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧት። ቤቱ የጴንጤ ነው ብሎ የወጣ የለም። ዳኛው ጫማቸውን አውልቀው መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ሰዉም እሳቸውን ተከትሎ ተቀመጠ። ጎረምሶቹ የድንኳኑን ቋሚ ግድግዳ ላይ አስደግፈው ቆሙ። ኪቦርድ የሚመታው ልጅ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት አንዷን ቁልፍ ተጭኖ ቀረ። እኔ ከመዘምራኑ ረድፍ ወጥቼ እግሯ ሥር ቁጭ አልኩ።

አንዲት ጎረቤት ጎንበስ ብላ በጆሮዋ ጠየቀቻት፤ እናቴ ሌሎችን እንደምትጠይቀው። በምን ይስቅ ነበር? የእናቴ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። እኔ በሆዴ እባክሽ፣ እባክሽ እላለሁ። ከዚያ ሙሾው ከደረቷ ውስጥ እየተጎተተ ወጣ፦

ስንቱን ሰው ሸኝቼ ወጥቼ ከደጄ፣
አንተን ሳልሸኝህ መሸብኝ ወይ ልጄ።

ሴቶቹ ተቀበሏት። ወንዶቹ ፊታቸውን ሸፈኑ። እሷ ግን ገና አላለቀሰችም ነበር፤ እኔ አውቃታለሁ፣ ሙሾውን ያወጣላት ሙያዋ ነው። ሁለተኛውን ልትይዝ ትንፋሿን ሳበች። ግጥም አልመጣላትም። በግጥሙ ፈንታ ወንድሜን በስሙ ጠራችው፤ ልጅ ሳለ ውጭ ሲጫወት ምሳ ሲቀርብ ትጠራው በነበረበት ድምፅ። ደግማ ጠራችው። እንባዋ በእጄ ላይ ሲወርድ ትኩስ ነበር።

ወንድሜን የቀበርነው ያን ዕለት ነው።