የእናቴ የሕመም ልምምድ

ሁለቱ የአሜሪካ ፓርቲዎች በምንም ነገር ተስማምተው አያውቁም፤ በእናቴ ላይ ግን ተስማሙ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ቴሌቪዥኑን ስንከፍት አንዱ ሌላውን እየቀደመ፣ "ከእንግዲህ ቁጭ ብሎ መብላት ቀረ!" ይላል። ቁጭ ብላ ትበላለች የተባለችው እናቴ የሰባ ስድስት ዓመት አሮጊት ናት። ኦክላንድ ውስጥ፣ በአረጋውያን ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ክፍል ነበረቻት። በዕድሜዋ የመጀመሪያው የራሷ ቤት። ከአባቷ ቤት ወደ ባሏ፣ ከባሏ ወደ ወንድሟ፣ ከወንድሟ ወደ እኔ ሳሎን ስትዞር ኖራ፣ በስተርጅና በሯን ከውስጥ መቆለፍ ቻለች። እኔ እንኳ አንኳኩቼ፣ "ማነው?" ተብዬ ነበር የምገባው።

ከዚያ የመንግሥት ደብዳቤ መጣ። ዜጋ ያልሆነ አረጋዊ በየወሩ ከመንግሥት የሚያገኘው የድጎማ ቼክ ይቋረጣል ይላል። ቼኩ ከቆመ ኪራይ የለም፤ ኪራይ ከሌለ እናቴ ተመልሳ ሳን ሆዜ፣ ባለ አንድ መኝታው አፓርታማችን ልትገባ ነው። ባሌ፣ እኔና ሁለት ልጆች እዚያው ተጣበን እንኖራለን። ሳሎን የምትተኛው ትልቋ ልጄ ወሬውን በአማርኛ ሰማችና፣ "ኖ ዌይ!" ብላ በእንግሊዝኛ ዘጋችው።

ዜጋ ለመሆን ደግሞ የእንግሊዝኛ ፈተና አለ። እናቴ ከእንግሊዝኛ የምታውቀው "ታንኪው" እና "ባይባይ" ነው። ፈተናው የሚቀርላት ሐኪም፣ "ይህቺ ሴት መማር አትችልም" ብሎ ፎርም ከፈረመላት ብቻ ነው።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። በጃንሆይ ጊዜ ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ አንድ ጋሼ ነበሩ። ተነሥተው፣ "ዘመናዊው መንግሥት ከማኅበራዊ ኃላፊነቱ እያፈገፈገ ነው" እያሉ አርባ ደቂቃ ተነተኑልን። አንዲት እናት እጃቸውን አወጡና፣ "ወንድሜ፣ ማፈግፈጉንስ ያፈግፍግ፤ ፎርሙን የሚሞላልን ማነው?" አሉ። ጋሼ እሱን አያውቁትም። መጋቢያችን ደግሞ ለአረጋውያኑ ሊጸልይ ተነሣና፣ "በሽታ ሁሉ ተነቅሏል!" ብሎ ጮኸ። ከሁሉ በላይ "አሜን!" ያለችው እናቴ ነበረች። ጉድ ፈላ አልኩ በሆዴ። መንግሥት ታመሚ ይላታል፣ መጋቢው ድነሻል ይላታል፤ እሷ ደግሞ ማንን እንደምታምን ይታወቃል።

ፎርሙን እንዲፈርምላት ያገኘሁት ሐኪም አረጋውያንን በነፃ ቤታቸው ድረስ ሄዶ የሚያይ ደግ ፈረንጅ ነው። ሊመጣ ነው ስላት እናቴ የሰማችው "እንግዳ ሊመጣ ነው" የሚለውን ብቻ ነው። እኔ ስደርስ ወለሉ ያብረቀርቃል፣ ነጠላዋ ተተኩሷል፣ ዶሮ ወጡ ተሠርቷል።

"እማዬ! ታመሻል ተብሎ እኮ ነው የሚመጣው!"

"ታዲያ እኔ ስለታመምኩ እንግዳ ጦሙን ይመለስ?"

ሐኪሙ ጠየቀ፣ እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። ጉልበትሽን ያምሻል ወይ ሲላት፣ "ጌታ ፈውሶኛል በይልኝ" ብላ ብድግ ቁጭ፣ ብድግ ቁጭ አለችለት። ይህን ምን ብዬ ላጣምመው? ነገር ትረሻለሽ ወይ ሲላት፣ "ጠላቴ ይርሳ!" ብላ አጎረሰችው። ወጡ ጨው ሁለቴ ገብቶበት ነበር፤ ሰውዬው ሦስት ብርጭቆ ውኃ እየጠጣበት ጨረሰው። ሲወጣ፣ "እንዲህ ያለ ጤነኛ ሰው ዛሬ አላየሁም" ብሎ ፎርሙን እንደነበረ፣ ባዶውን መለሰልኝ።

በሩ ሲዘጋ ጮህኩባት። "ምን አለበት ትንሽ ብታቃስቺ!"

"በባዕድ ፊት በሽታዬን እንደ ቡቱቶ ልዘርጋ?" ብላ እሷም ጮኸች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ካልታመምኩ ከዚህ ቤት ያስወጡኛል?" አለችኝ።

"አዎ።"

ክፍሏን ዞር ዞር ብላ አየቻት። "እንግዲያው መታመም አስተምሪኝ።"

ሐኪሙን በስልክ ለምኜ ለምኜ እንደገና እንዲመጣ አደረግኩ። እስከዚያ ሁለት ሳምንት ተለማመድን። እንዳትነሺ። እንዳታጎርሺ። ቀኑን ከጠየቀሽ "እንጃ" በይ። እናቴ "ውሸት ኃጢአት ነው" ስትል፣ "ኃጢአቱ በእኔ ይሁን" እላታለሁ። ደግሞ በመካከሉ እንስቃለን፤ ስታቃስት መዝሙር የምትጀምር ነው የምትመስለው።

ሐኪሙ ተመልሶ ሲመጣ ነጠላዋ እንደተጨማደደ ነው፤ ያ ብቻ በጣም ከብዷት ነበር። ዛሬ ማን ቀን ነው ሲላት፣ "እንጃ" አለች። ያለንበት ከተማስ ሲላት፣ "እንጃ።" ጎሽ እናቴ! ሳቄ እንዳያመልጠኝ ከንፈሬን ነክሼ ተረጎምኩ።

ከዚያ፣ "ስንት ልጆች አሉሽ? ስማቸውን ንገሪኝ" አላት። ይህን አልተለማመድነውም።

"አራት" አለች ወዲያው። የትልቁን ስም ጠራች፤ የሁለተኛውን፤ የሦስተኛዋን። አራተኛዋ እኔ ነኝ። ዞር ብላ አየችኝ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ምንም አልወጣም። የቀሚሷን ጠርዝ በጣቶቿ ታፍተለትላለች። ከዚያ ለማታውቀው ሰው እንደሚደረገው ፈገግ አለችልኝ።

"ይቺ እንኳ የምታስተረጉመው ልጅ ናት" አለች። "እግዚአብሔር ይስጣት።"

ሐኪሙ ምን አለች አለኝ። ቃል በቃል ነገርኩት። እሱም አንገቱን ደፍቶ ፈረመ።

ሐኪሙ ሲሄድ እናቴ ነጠላዋን እየዳበሰች ቀና አለች።

"እንዴት ነው? አስመሰልኩ?"

"በደንብ አስመሰልሽ እማዬ።"

"ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ቤቴ ተረፈልኝ አይደል? በይ አሁን ሂጂ፣ ልጆችሽ ይጠብቁሻል።"

ኮቴን ለብሼ በሩ ድረስ ሄድኩ። ከዚያ ያ ጨው ሁለቴ የገባበት ወጥ ትዝ አለኝ፤ ኮቴን አውልቄ ተመልሼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።